ብሩ ዞሮ የት ነው ሚገባው? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሒሳብ

(ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ለሀገራችን ልጆች የተናገርኩት ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ነው የገለበጥኩት፣ ስለዚህ እንደ ወሬ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ከፊት አለ፣ ግቡ ግቡ፣ አትፈሩ። ዘግይተን ጀመርን ይቅርታ፣ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው ጨዋታ አለ፣ በሌን አቬኑ በኩል የመጣችሁ ታውቁታላችሁ መኪና ቀርቶ እግረኛም አያልፍም። እንደውም ትራፊኩ ራሱ ነው ርዕሳችን። መቶ ሺህ ሰው ለምንድነው የ19 እና የ20 ዓመት ተማሪ ሲጫወት ለማየት ሚንጋጋው፣ ያ ሁሉ ብር የት ነው ሚሄደው፣ ለምንስ አንዱ ዩኒቨርሲቲ በብሩ ሲያድግ ሌላው ያንኑ ያህል ብር ይዞ ይወድቃል፣ እሱን ነው ዛሬ የማወራችሁ። ፉትቦል ስል ደግሞ እግር ኳስ አይደለም፣ ያን ሄልሜት አጥልቀው ሚጋጩበትን፣ በእጅ ይዘው ሚሮጡትን ነው።

እኔ ይሄን ነገር ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከፓርኪንግ ነው። እዚህ የመጣሁ ሰሞን የቅዳሜ ሥራዬ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አጠገብ መኪና ማስቆም ነበር። ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ ነው ግን ሰዉ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ይመጣል፣ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ከሰል ያያይዛል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ ያው ቴይልጌት ሚሉት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሰው የግቢውን ሳር ሳይቀር ለመኪና ማቆሚያ ያከራያል። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ገብቶ እኛ ውጪ እንቀራለን፣ ሬዲዮ ምናምን አያስፈልገንም ከጩኸቱ ነው ምናውቀው፤ ረጅም ከሆነ የኛዎቹ አስቆጠሩ፣ አጭር «ኦ!» ብሎ ጭጭ ካለ ኳሱን ጣሉት ማለት ነው። «የኛዎቹ» እላለሁ እንግዲህ፣ የመጀመሪያ ደሞዜን ሳልቀበል «የኛዎቹ» ማለት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ የልጅ ልጁን አስከትሎ መጣና መኪናውን ሳስቆምለት ስታዲየሙን በምርኩዙ እየጠቆመ «አያቴ ለዚህ ሕንፃ አዋጥቷል» አለኝ። እኔ እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት። በኋላ ሳነብ ለካ እውነቱን ነው፣ በ1920 ዩኒቨርሲቲው የመዋጮ ዘመቻ ጀመረ፣ ከተማው ሁሉ ቃል ገባ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፣ በ1922 ስታዲየሙ ተከፈተ፣ ያኔ 66 ሺህ ሰው ነበር ሚይዘው። ዛሬ ከ102 ሺህ በላይ ይይዛል። ከመቶ ዓመት በፊት የተዋጣ ብር እስካሁን ትኬት እየሸጠ ነው እኮ። ይሄን በጭንቅላታችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኦሃዮ ስቴት አትሌቲክስ ክፍል በዓመት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። ትርፉን ማን ነው ሚወስደው? (አንድ ልጅ «ፕሬዝዳንቱ» አለ፣ ሰው ሳቀ።) ማንም። ባለአክሲዮን የለ፣ ባለቤት የለ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ተካፍለውት ሚሄዱ ሰዎች የሉም። ስለዚህ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። 36 ስፖርት አላቸው፣ ውሃ ዋናው፣ ፌንሲንጉ፣ ቀዘፋው፣ አብዛኛውን ወጪ የሚሸከመው ያው ፉትቦሉ ነው። ከዛ የተረፈው ደግሞ ተመልሶ ፉትቦሉ ውስጥ ይገባል። እና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለተጫዋቹ ከስኮላርሺፕ ውጪ ደሞዝ መክፈል ክልክል ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ብሩ አለ፣ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ኳሱን ለሚጫወተው ልጅ ግን መስጠት አይቻልም። ውሃ በአንድ በኩል ስትገድበው በሌላ በኩል ይሄዳል አይደል? ወደ አሰልጣኝና ወደ ግንብ ሄደ። በአብዛኛው የአሜሪካ ስቴት ከፍተኛው ደሞዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ማነው ብትሉ ገዢው አይደለም፣ የፉትቦል ወይም የባስኬትቦል አሰልጣኝ ነው። ክሌምሰን ሚባለው ሳውዝ ካሮላይና ያለ ዩኒቨርሲቲ በ2017 በ55 ሚሊዮን ዶላር ለፉትቦል ብቻ ሕንፃ ሠራ፣ ውስጡ ቦውሊንግ አለ፣ ሚኒ ጎልፍ አለ፣ ሸርተቴ አለ። አዎ ሸርተቴ፣ ልጆች ሚንሸራተቱበት! መቶ ኪሎ ሚመዝን ጎረምሳ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ይንሸራተትበታል። ፈረንጅ አበደ ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን ያ ሸርተቴ የተሠራው ላሉት ተጫዋቾች አይደለም፣ ለሚመጣው የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ሲጎበኝ ዓይኑ እዛ ላይ እንዲቀር። ደሞዝ መስጠት ካልቻልክ ሸርተቴ ትሰጣለህ።

ክሌምሰንን ካነሳሁ አይቀር ግን መነሻቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኛን ስለሚመስል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ ያ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት እያለ፣ ቡድኑ ደካማ ነበር ካዝናውም ባዶ። በ1934 ደጋፊዎቹ አንድ ማህበር አቋቋሙ፣ ስሙ ኢፕቴይ፣ «በዓመት አስር እከፍላለሁ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። አስር ዶላር በዓመት፣ በቃ። አስር ዶላር ደግሞ ያኔ ቀልድ አይደለም፣ ገንዘብ ያጣ ገበሬ ወተትና ስኳር ድንች እያመጣ ይከፍል ነበር ይባላል። እና ይሄ ምንድነው? እድር ነው እኮ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሚሉት። በ1939 ሲዝን ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቦል ጨዋታ በቃ፣ ሲዝኑ ካለቀ በኋላ ለተመረጡ ቡድኖች ሚደረገው ነው፣ ኮተን ቦል ላይ ቦስተን ኮሌጅን 6 ለ 3 አሸነፈ። ማህበሩ ዛሬም አለ፣ በ2016 እና በ2018 ሲዝን ሻምፒዮን የሆነው ክሌምሰን ከጀርባው ያው ያ እድር ነው፣ አሁን መዋጮው አስር ዶላር አይደለም እንጂ። እኔን ሚገርመኝ ብዛቱ ሳይሆን አለመቋረጡ ነው፣ ቡድኑ ሲሸነፍም ይከፍላሉ። የኛ ሰው እድር ሚከፍለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ? አይደለም፣ በየወሩ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ምሳሌ፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ። በ2006 መጨረሻ ቡድናቸው 6 አሸንፎ 6 ተሸንፎ አሰልጣኙን አባረሩ። በጃንዋሪ 2007 ኒክ ሴባንን ማያሚ ዶልፊንስ ከሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን አመጡት፣ 8 ዓመት 32 ሚሊዮን ዶላር። ሀገር ጮኸ፣ ለኮሌጅ አሰልጣኝ በዓመት 4 ሚሊዮን? ተባለ። በዛው ሚያዝያ የልምምድ ጨዋታ አደረጉ፣ ልብ በሉ እርስ በርስ ነው ሚጫወቱት፣ ተጋጣሚ የለም፣ 92 ሺህ ሰው መጥቶ ስታዲየሙን ሞላው። እንግዲህ ሰውየው አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ማለት ነው። ከዛስ? የመጀመሪያው ዓመት 7 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ በገዛ ሜዳው በሉዊዚያና ሞንሮ ተሸነፈ፣ ስሟን ሰምታችሁ ማታውቋት ትንሽ ትምህርት ቤት። እኛ ብንሆን በማግስቱ አባረነው ነበር። አላባሩትም። በ2009 ሻምፒዮን፣ 2011፣ 2012፣ 2015፣ 2017፣ 2020፣ ስድስት ዋንጫ አላባማ ላይ ብቻ።

ዋንጫው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። የገባውን ብር ምን አደረጉት ካላችሁ፣ በ2010 ስታዲየሙን ከመቶ ሺህ በላይ እንዲይዝ አሰፉት። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው ማያየው፣ ሴባን «አናሊስት» ሚባሉ ሰዎችን ቀጠረ፣ ሜዳ ዳር ቆመው ማያሰለጥኑ፣ ቢሮ ቁጭ ብለው የተጋጣሚን ፊልም ሚያዩ። ሌላ ቦታ ዋና አሰልጣኝ የነበሩና የተባረሩ ሰዎች ሳይቀሩ እሱ ጋ አናሊስት ሆነው ይገቡ ነበር፣ ስቲቭ ሳርኪሲያን በ2016 እንደዛ ገባ፣ ዛሬ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። ግንብ ሁሉም ይገነባል፣ ጭንቅላት መግዛት ግን ቆይቶ ነው ሌሎቹ የገባቸው። እና ዩኒቨርሲቲው ራሱስ? በ2007 ወደ 25 ሺህ ተማሪ ነበረው፣ በአስር ዓመት ውስጥ ከ38 ሺህ አለፈ፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ ከሌላ ስቴት የመጣ፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ማለት ከስቴቱ ነዋሪ ከእጥፍ በላይ ሚከፍል ማለት ነው፣ እዚህ ልጅ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ። በእርግጥ ሁሉንም ለፉትቦል መስጠት ልክ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጎበዝ ተማሪ ለመሳብ ብዙ ስኮላርሺፕ በትኗል፣ በየስቴቱ መልማይ አሰማርቷል። ግን ኒው ጀርሲ ያለ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ተስካሉሳ ሚባል ከተማ እንዳለ በምን ያውቅ ነበር? በቴሌቪዥን ነው። የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ቻንስለር የነበሩት ሮበርት ዊት ሴባን ዩኒቨርሲቲው ካደረገው ኢንቨስትመንት ሁሉ በላጩ ነው ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

ቴሌቪዥን ካልኩ፣ ባጭሩ፦ ድሮ ስንት ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ሚወስነው የኮሌጅ ስፖርትን ሚመራው ማህበር፣ ኤንሲኤኤ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፣ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ፈረደላቸው። ከዛ ጀምሮ ኮንፈረንሶቹ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎቹ ተቧድነው ሚጫወቱባቸው ሊጎች፣ ራሳቸው ይሸጣሉ። ኦሃዮ ስቴት ያለበት ኮንፈረንስ ቢግ ቴን በ2022 የተፈራረመው ውል ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በቃ ይሄን ካወቃችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲም አለ፣ የጫማ ኩባንያው የናይኪ መሥራች ፊል ናይት የተማረበት። በ1996 የመጀመሪያ ቀን ኮተን ቦል ላይ በኮሎራዶ 38 ለ 6 ከተሸነፉ በኋላ ሰውየው አሰልጣኙን ምን ያስፈልግሃል አለው፣ ዝናብ ሚበዛበት ሀገር ነውና ጣራ ያለው መለማመጃ አለው፣ በ1998 ተከፈተ። ከዛ የ68 ሚሊዮን ሕንፃ፣ ከዛ በየሳምንቱ ሚቀያየር ዩኒፎርም። ሁለት ጊዜ ለሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሱ፣ ሁለቱንም ተሸነፉ፣ አንዱን በነማን? በኛ! (ጭብጨባ።) ብዙ ብር ጥሩ ቡድን ይሠራል፣ ዋንጫ ግን በደረሰኝ አይገዛም።

አሁን ወደ ሚያስቀው ክፍል። ትላልቆቹ ትምህርት ቤቶች ሲዝኑ ሲጀመር ትንሾቹን ብር ከፍለው ይጠሯቸዋል፣ ና ሜዳዬ ላይ ተሸነፍልኝ እንደማለት። ትንሹ ቼኩን ይዞ ይሄዳል፣ በቼኩ ጂም ይሠራል፣ አውቶብስ ይከራያል፣ የሌሎቹን ስፖርቶች በጀት ይሞላል። በ2007 አፓላቺያን ስቴት ሚባል ተራራ ላይ ያለ ትምህርት ቤት 400 ሺህ ዶላር ተከፍሎት ወደዛ... ወደ ሰሜን ጎረቤታችን፣ ወደ ዋናው ባላንጣችን ሄደ (ስሙን በዚህ ከተማ አልጠራም፣ መኪናዬ ውጪ ነው ያለችው)፣ 34 ለ 32 አሸንፎ ቼኩንም ይዞ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ማርሻል 1.25 ሚሊዮን ተቀብሎ ኖተር ዳምን አሸነፈ። ያው አፓላቺያን ስቴት 1.5 ሚሊዮን ተቀብሎ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን አሸነፈ። ጆርጂያ ሳውዘርን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ተቀብሎ ነብራስካን 45 ለ 42። ነብራስካ በማግስቱ አሰልጣኙን ስኮት ፍሮስትን አባረረ፣ ሦስት ሳምንት ቢታገሡ እኮ የውል ማፍረሻው ከ15 ሚሊዮን ወደ ግማሽ ይወርድ ነበር፣ አልታገሡም። ሦስት ሳምንት፣ ሰባት ሚሊዮን ተኩል! እኔ ለሰባት ሚሊዮን ተኩል ሦስት ሳምንት አይደለም... እሺ ይቅር።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ላይ ትንሽ ልቆይ። እነዚህ ሰዎች ድሃ አይደሉም፣ ስታዲየማቸውን በ485 ሚሊዮን ዶላር አድሰው በ2015 ጨረሱ፣ በ2022 የመለመሏቸው ልጆች ከሀገሪቱ አንደኛ ተባሉ። ያን ዓመት 5 አሸንፈው 7 ተሸነፉ። በኖቬምበር 2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን አሰናበቱት፣ ውሉ ላይ የቀረውን ለመክፈል ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር። ላለመሥራት! አሁን ልዩነቱን እዩት፣ ያ ሽማግሌ አያቱ ያዋጣው ብር ዛሬም ትኬት ይሸጣል አላልኳችሁም? ይሄኛው 76 ሚሊዮን ግን አንድ ወንበር አይገዛም፣ አንድ ልጅ አይመለምልም፣ ትናንት ለተሠራ ስህተት ነው ሚከፈለው። የዘር እህሉን አስፈጭቶ እንደበላ ገበሬ ነው። ከለጋሾች ጋርም ሚያጣላው ይሄ ነው፣ ሰው ለጣራ ይሰጣል ለወንበር ይሰጣል፣ ለስንብት ስጡ ስትለው ግን ስልክ ማንሳት ያቆማል። የሀገራችንን ክለቦች ልትጠይቁኝ እንደሆነ ፊታችሁ ላይ አያለሁ፣ ዛሬ አላነሳም፣ እዛ ከገባን እራት ያልፈናል።

ከሁሉም ግን እኔ ምወደው በርሚንግሃም ያለውን ዩኤቢን (የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በበርሚንግሃም) ነው። አላባማ ስቴት ውስጥ ነው ግን ያ ትልቁ አላባማ አይደለም፣ በአንድ ቦርድ ሥር ነው ሚተዳደሩት፣ እንደ እንጀራ ልጅ ነው የኖረው። በዲሴምበር 2014 ፕሬዝዳንቱ ተጫዋቾቹን ሰብስበው ፉትቦሉ ተዘጋ አሏቸው። ቡድኑ ያን ዓመት 6 አሸንፎ 6 ተሸንፎ፣ ከአስር ዓመት በኋላ ለቦል ጨዋታ ብቁ የሆነበት ዓመት ነበር። ምክንያቱ? በአምስት ዓመት 49 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ያስፈልጋል ሚል ጥናት። ልጆቹ ሲያለቅሱ፣ ሲጮሁ በስልክ ተቀርጾ ሀገር አየው። ከዛ ከተማው ተነሣ። ነጋዴው፣ የቀድሞ ተማሪው፣ ያሉትም ተማሪዎች ቃል ገቡ፣ ሌላ ጥናት ተጠንቶ የመጀመሪያው ስህተት ነው ተባለ፣ በጁን 2015 ውሳኔው ተቀለበሰ። አሰልጣኙ ቢል ክላርክ ሌላ ቦታ መሄድ ይችል ነበር፣ አልሄደም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ የለም፣ ልምምድ ብቻ፣ አስቡት ሁለት ዓመት ሰርግ ሳይኖር ድንኳን እንደመትከል ነው። በ2017 ተመለሱ፣ 8 አሸነፉ። በ2018፣ 11 አሸንፈው የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን። ጣራ ያለው መለማመጃ ተሠራላቸው፣ በ2021 መሃል ከተማ ላይ አዲስ ስታዲየም ተከፈተ። ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ፣ ከመዘጋቱ በፊት ግን ያ ብር የት ነበር? ኪስ ውስጥ ነበር፣ የጠየቀው የለም።

የጠየቀው የለም ስል የጠየቀም አለ፣ ያውም ሳያስፈቅድ። የልጄ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሒሳብ ሲልክልኝ አንድ ቀን በየመስመሩ አነበብኩት። ትምህርት፣ ዶርም፣ ምግብ፣ ጤና፣ ከዛ አንድ «አትሌቲክስ ፊ» ሚል መስመር፣ መቶዎች ዶላር። ልጄን ስንት ጨዋታ አየሽ አልኳት፣ «አባ፣ ስታዲየሙ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለችኝ። ትልልቆቹ በቴሌቪዥን ብር ራሳቸውን ይችላሉ ይባላል፣ መካከለኞቹና ትንሾቹ ግን ከበጀታቸው ትልቁ ድርሻ ከተማሪ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ድጎማ ነው። ክሌምሰን ያለው ገበሬ ወዶ ነው አስር ዶላሩን የከፈለ። ልጄ ግን የፉትቦል ለጋሽ መሆኗን አታውቅም። እዚህ ላይ አልስማማም፣ በግልጽ ነው ምናገረው።

ጥያቄ ከመክፈቴ በፊት የመጨረሻው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው መነገድ ይችላሉ፣ ኤንአይኤል ሚሉት። በጁን 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሃውስ ሚባለውን የክስ ስምምነት አጸደቁት፣ ላለፈው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ፣ ከዛ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ማካፈል ይችላል። ግድቡ ተከፈተ ማለት ነው። ሸርተቴው እንግዲህ ማንን ይስባል? ልጁ ስንት ትከፍሉኛላችሁ ነው ሚለው። የኛዎቹም በ2024 ሲዝን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚያወጣ ቡድን ብር ተገኝቶላቸው ኖተር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፈው ዋንጫውን አመጡ፣ በ2024 በጀት ዓመት ደግሞ አትሌቲክስ ክፍሉ ከ37 ሚሊዮን በላይ ጎድሎበታል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

(አንድ ወጣት፦ «ታዲያ አሁን ሀብታሙ ብቻ ነው ሚያሸንፈው?»)

ጥሩ ጥያቄ። ኢንዲያናን እየው። ለብዙ ዓመት ቢግ ቴን ውስጥ ከኦሃዮ ስቴት እኩል የቴሌቪዥን ድርሻ ይቀበል ነበር፣ እኩል! ግን በትልቁ ደረጃ ካሉት ሁሉ በታሪክ ብዙ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ሆኖ ኖረ። በ2023 መጨረሻ አሰልጣኙን ከርት ሲግኔቲን ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ አመጡ፣ እሱም ከነበረበት 13 ተጫዋች ይዞ መጣ፣ ስመ ጥር ያልሆኑ፣ ሌላው የናቃቸው። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸነፉ። በ2025 ሲዝን ለቢግ ቴን ዋንጫ የኛዎቹን 13 ለ 10፣ አውቃለሁ አውቃለሁ፣ ቁስል አልነካካም፣ ከዛ በጃንዋሪ 2026 የማያሚ ዩኒቨርሲቲን አሸንፈው የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ። ያው ብር ነበራቸው ድሮም፣ ሰው ነው ያላገኙለት።

(አንዲት እናት፦ «ልጄ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ይጫወታል። እኔ ሒሳቡን ምን ላድርገው?»)

እትዬ፣ ሁለት ነገር። ከሚካፈለው ብር አብዛኛው ብዙ ቦታ ለፉትቦል ነው ሚሄደው፣ ግን የአንድ ቡድን ልጆች እኩል አይከፈላቸውም፣ ኮከቡ ሚያገኘውን ሰምተው ልጄም ያገኛል አይበሉ። ሁለተኛው፣ መልማይ ቤት መጥቶ ሕንፃውን በቪዲዮ ሲያሳያችሁ ሕንፃውን ተዉት፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ስንት አሰልጣኝ እንደተቀያየረ ይጠይቁት። ልጁን ወዶ የመለመለው ሰውዬ በሁለተኛው ዓመት ከሌለ፣ አዲሱ መጪ የራሱን ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ይዞ ነው ሚመጣው። ከስብሰባው በኋላ ይጠብቁኝ፣ ምን ምን እንደሚጠየቅ በአማርኛ ጽፌ እሰጥዎታለሁ።